ከቀኙ ሞላ የጎደለው የጎማ ቁራጭ

ታናሽ ወንድሜ ያቺን ቀይ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ገዝቶ አሰላ ሲገባ ጋራዤ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀበት። ሳጉሬ ላይ እህል የሚነግድ ሰው መሬት ልትነካ ምንም ያልቀራት መኪና ምን ታደርግለታለች?

«ስንት ኩንታል ትጭናለች?» አልኩት።

«እኔን ብቻ» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተጣቦ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ደስታውን መደበቅ አቅቶት ነበር።

እኔ መካኒክ ነኝ፤ ለዚያውም ኩራተኛ። አንድ ዘመዴ መኪናውን ሌላ ጋራዥ ስላሠራ ዓመት ሙሉ አኩርፌዋለሁ። እኛ ከተማ እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ ይወራል። ዘመዱ ያላመነውን መካኒክ ማን ያምነዋል?

ለቀይዋም፣ ዝቅ ብሎ ለሚመጣ መኪና ሁሉ የማደርገውን አደረግኩላት፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ሁለት ቁራጭ ቆርጬ በኋላ ሞላዎቿ ጥምዝ መሃል ወተፍኩና ከፍ አደረግኳት። የመንገዱ ጉድጓድና ጉብታ ሆዷን እንዳይፍቃት ብዬ ነው። «የሠራት ፋብሪካ ቁመቷን አያውቅም እንዴ?» አለኝ ወንድሜ። «ፋብሪካው የሳጉሬን መንገድ አላየ» ብዬ ሰው አሳቅኩበት።

ክረምቱ ሲገባ ተመልሶ መጣ።

«ጋሼ፣ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ አጥብቄ ስረግጥ ኋላዋ ይከዳኛል። ወደ ቀኝ ይሸሻል።»

«ቀስ ብለህ ስትነዳስ?»

«ያኔማ ምንም የላት።»

«እንግዲያው ብልሽቱ እግርህ ነው!»

ጋራዡ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ጎማዎቿን በእርግጫ መታ መታ አድርጌ አየር ሞላሁለት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ የሰው ሞተር አውርጄ ስለነበር ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። «አቦ ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ከሥር እያት» አለኝ። «አንተ እግርህን እይ» አልኩት።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሳጉሬ ሲመለስ፣ ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ ስንዴ የጫነ መኪና ሊቀድም ነዳጅ ረገጠ። የጭነቱ ሾፌር እንደነገረን ኋላዋ ዞሮ ወደ ፊት መጣ። ቦታው ገደል እንኳ አይደለም፤ አንድ ቦይና አንድ ባሕር ዛፍ ነው ያለው። ወንድሜ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

ለቅሶው ላይ ወሬው ሁሉ ስለ ፍጥነት ነበር። «እግሩ ነው፣ ወንድሙም ሲነግረው ነበር» ይላል ከጋራዤ የመጣው ሰው። እናቴም ደረቷን እየመታች «ልጄን የገዛ እግሩ ቀጠፈው» አለች። ቃሉ ከእኔ አፍ የወጣ ነው።

ከአርባው በኋላ የተጨፈለቀችውን መኪና በክሪክ አነሳኋት። ያኔ ማድረግ የነበረብኝን አሁን በየተራ አደረግኩ። የኋላ ጎማዎቿ ጥርሳቸው አላለቀም። ግራና ቀኝ ነቀነቅኳቸው፤ ኩሽኔታዎቹ አይላወሱም። ሾኮቹ ዘይት አላፈሰሱም። በመጋጠሚያዎቹ መሃል ያሉትን የላስቲክ ጎሚኒዎች በብረት ፈልቀቅ አድርጌ አየሁ፤ ደህና ናቸው። አንዱ ደህና ሆኖ በተገኘ ቁጥር እኔን ፍርሃት እየያዘኝ ሄደ።

ከዚያ የእጅ ባትሪዬን ወደ ሞላዎቹ አበራሁ። በግራው ላይ የወተፍኩት ቁራጭ እንዳለ አለ። በቀኙ ላይ የለም። በአደጋው ወድቆ ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ ግን ቁራጩ በነበረበት ቦታ ጭቃ ገብቶ፣ ደርቆ፣ ተጋግሯል። ከወደቀ ሰንብቷል ማለት ነው። ነዳጅ ሲረገጥ የመኪና ክብደት ወደ ኋላ ይጫናል፤ ግራው በእኔ ጎማ ተደግፎ ሲቀር ቀኙ ብቻውን ይሰምጣል። ልክ እሱ እንዳለው። አጎንብሶ ለማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የግራውን ቁራጭ አውጥቼ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ልጇ በገዛ እግሩ ሞተ ብላ እንድትኖር መተው አልቻልኩም።

«እማዬ፣ እግሩ አይደለም። እኔ ነኝ» አልኳትና አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። እንድትረግመኝ ፈልጌ ነበር። እሷ ቁራጩን ተቀብላ አገላበጠችው።

«አዳማ ወስደህ አሳያት ብዬ ስንት ቀን ለመንኩት» አለች።

«ምን አለሽ?»

«‹የጋሼ ጋራዥ እያለ ሌላ ጋ ብወስዳት ሰው ምን ይለዋል? አላሳፍረውም› አለኝ።»

ቁራጩን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።