የጋሽ ዝምታ ሁለተኛ መቅጃ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ዝምታ ይላቸዋል። ወሬ ግን አይጠሉም፤ እንዲያውም ከያዙ አይለቁም። ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ነው። ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ደቂቃ ዝም እንዲል ያዛሉ፤ ያንንም ባዶ ደቂቃ ይቀዱታል።

«ክፍሉም የራሱ ድምፅ አለው። እሱን ሳላውቅ ከዘፈኑ ላይ እንዴት አነሳዋለሁ?» ይላሉ።

ቀድሞ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። አሁን ከፀጉር አስተካካዩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማይክሮፎንና ሁለት ወንበር አላቸው። ግድግዳው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቅለዋል። አንድ ደንበኛ «ለምን የእንቁላል ካርቶን አይለጥፉም?» ቢላቸው «እሱ ለእንቁላል ነው» አሉት። ጥግ ያለችው ትንሽ ማቀዝቀዣ ስለምታጉረመርም ከቀረጻ በፊት ይነቅሏታል። መልሰው መሰካቱን እንዳይረሱ አንድ እግር ጫማቸውን ውስጧ ያስቀምጣሉ። በአንድ ጫማ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለም።

ባለቤቴ አናጢ ነበር። ልጃችን ስትወለድ ያወጣት፣ እንጨት ሲልግ የሚያንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረችው። ልጃችን አሁን ሩቅ ናት። ሳንባው እየደከመ መሆኑን ሐኪሙ ሲነግረን፣ ድምፁ ሳይሄድ ዜማዋን ሊልክላት ፈለገ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዝምታ ዘንድ ሄድን።

«ማይክሮፎኑን አትጉረሰው» አሉት። «አንድ ስንዝር ራቅ በል። ትንፋሽህም ፊት ለፊት አይምታው።»

«ጋሼ፣ ሐኪሙ እኮ ያገኘኸውን ጉረስ ብሎኛል።»

«የኔን ዕቃ ግን አላዘዘልህም!»

ለሙከራ ሲያንጎራጉር ድምፁ አልሰማ ስላለ የመቅጃውን መጠን ከፍ አደረጉት። አንዴ አጨበጨቡ፤ ዝምታው አለፈ፤ እሱም ጀመረ። መጨረሻው ላይ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ የድሮው የወርክሾፕ ድምፁ ወጣ። ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ አለ። ዘፍኖ ሲጨርስ ሳል ያዘው። መድገም አልቻለም።

በማግሥቱ ሆስፒታል አስተኙት። ቅጂውን ልወስድ ስሄድ ጋሽ ዝምታ በር ላይ ጠበቁኝ።

«እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ደክሟል ብዬ መጠኑን ከፍ አደረግኩት። ያን ያህል ጉልበት የቀረው አልመሰለኝም። መጨረሻው ተሰነጣጥቋል።»

«አይጠገንም?»

«ዝቅ ያለን ድምፅ ከፍ ማድረግ ይቻላል። የተሰነጠቀ ግን አይመለስም። ለዘፋኝ ሁልጊዜ ድምፁ ከፍ ቢል የሚበቃው ቦታ መተው ነው፤ ይኸው በሽምግልናዬ ረሳሁት።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ግን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንዲት አሮጌ መቅጃ አነሱ። ድሮ የአንድ ሰው ሙሉ ሥራ ከእጃቸው ከጠፋ ወዲህ፣ ሁለተኛ መቅጃ ድምፁን ዝቅ አድርገው ሳይከፍቱ ሥራ አይጀምሩም። ያቺ መስኮት ላይ ያለችው የመጨረሻውን ስንኝ ሙሉውን ይዛዋለች። ትንሽ ይርቃል፤ ወንበሩም ሲንቋቋ ይሰማል።

በሁለቱም ቅጂ ላይ ያለውን ጭብጨባ ልክ አንዱ ባንዱ ላይ ገጠሙት። ከዚያ ዜማው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ስፌቱን እኔ ላገኘው አልቻልኩም። «አንድ ቦታ ብቻ ያለ ቅጂ እንደሌለ ቁጠሪው» ብለው ሦስት ቦታ ገለበጡልኝ።

ባለቤቴ አልጋው ላይ ሆኖ በስልኬ ሰማው። «ይሄ ሰውዬ ደህና ይዘፍናል» አለ። ልጃችን የዚያኑ ዕለት ደረሳት፤ ደውላ ለረጅም ጊዜ አወሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አረፈ።

ላመሰግናቸው ስሄድ ጋሽ ዝምታ ያልተነካካውን ቅጂም ሰጡኝ። «ባዶዋ ደቂቃ ሥራዋን ጨርሳለች፤ ልሰርዛት ብዬ ነበር። አዳምጠሽ ወስኚ» አሉኝ።

አዳመጥኳት። ውጪ መኪና ያልፋል። ከዚያ የእሱ ትንፋሽ አለ፤ ቀስ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ሲር የሚል። ሃምሳኛው ሰከንድ አካባቢ በሹክሹክታ «ጫማቸውን የት እንዳስቀመጡት አየሽ?» ይለኛል። የኔ የታፈነ ሳቅ ይከተላል። ከዚያ ጋሽ ዝምታ፦

«እሽሽ!»

ጠዋት ጠዋት ቤት ስጠርግ እከፍታታለሁ። እግዜር ይስጣቸው።