ለአው ኡመር ያልነገርኳቸው

ባለፈው ሰኞ ልጄ ከሐኪሜ ጋር ብቻዋን ተነጋግራ ስትወጣ ፊቷን አየሁት።

"ምን አለችሽ?" አልኳት።

"የልብ ምት መዛባት ነው አለች፣ እማዬ።"

"ሌላስ?"

"ያው እሱኑ ነው።"

ያው እሱኑ ነው! ይቺን መልስ እኔም አንድ ቀን ለሰው ሰጥቻለሁ፤ ሐረር፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ሃያ ዓመቴ ላይ።

ያኔ ከግንቡ ውጭ ባለ ሐኪም ቤት ድሬሰር ነበርኩ። እንግሊዝኛ ስለምሞካክር የፈረንጁ ሐኪም አስተርጓሚም እኔው ነበርኩ። ሠርጌ ለጥር ተቆርጧል፤ ቬሎዬን የሚሰፉልኝ አው ኡመር ናቸው። ሱቃቸው ከፈረስ መጋላ አደባባይ ቁልቁል በሚወርደው፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ነበር፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ጫጫታ ነው። ሙሸበክ የሚባለውን ትኩስ ጣፋጭ ገዝቼ፣ ጣቴን እየላስኩ ልለካ ስገባ "እጅሽን ታጠቢ! ሳቲኑን ልታጨማልቂብኝ ነው?" ብለው ይቆጡኝ ነበር። ቁጣቸውን እወደው ነበር።

አንድ ጠዋት እሳቸው ራሳቸው ሐኪም ቤት መጡ። ሐኪሙ ደረታቸውን ብዙ አዳመጠና "አሪትሚያ" አለኝ። ቃሉ አዲስ ሆነብኝ። ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ አሳየኝ፤ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ዝም፣ ደግሞ አንዴ። ልብ ሥርዓቱን ጠብቆ መምታት ሲያቅተው ነው አለ። ቀጥሎም "የመኪናውን ፔዳል ከዛሬ ጀምሮ እንዳይረግጡ ንገሪያቸው። ካልተዉ ይሞታሉ" አለኝ።

ወደ አው ኡመር ዞርኩ። "ልብዎ ምቱ ተዛብቷል፤ አንዳንዴ ይቸኩላል፣ አንዳንዴ ይዘላል" አልኳቸው። የቃሉን ትርጉም አሳምሬ ነው የተናገርኩት።

"እኔም ይታወቀኛል፤ የመኪናዬ ጠፍር ሲላላ እንደዚሁ ነው የሚያደርገው" አሉ ፈገግ ብለው። "ሌላስ? ብዙ አወራ እኮ።"

ለሠርጌ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ቬሎው ገና እጅጌ የለውም። ሲያልቅ እነግራቸዋለሁ፣ አሥር ቀን ምን አላት አልኩ በሆዴ። ልጅነት ነው እንዳልል ልጅ አልነበርኩም።

"ያው እሱኑ ነው፣ አው ኡመር።"

"አልሐምዱሊላህ! እንግዲያ ልሂድ፣ ልብስሽ ይጠብቀኛል።"

በሰባተኛው ቀን ልለካ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ መኪናው ሁሉ ይንጫጫል፤ የሳቸው ሱቅ ግን ተዘግቷል። ጎረቤታቸው የታጠፈ ሳቲን ይዞ ወጣ። "ትናንት መኪናቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው ያረፉት። እረፉ ብንላቸው የሙሽራዋን ሳልጨርስ አሉ" አለኝ። የግራው እጅጌ እስከ ክርኑ ተሰፍቷል፤ ክሩ ተንጠልጥሏል።

ሌላ ሰፊ ጨረሰው። ለበስኩትም። እልል ሲባልልኝ ሰው ሁሉ ግራ እጄን የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ለባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም። አሁን ጋደም ስል ልቤ ውስጥ የምሰማው ያን ፔዳል ነው፤ ረገጥ ረገጥ ያደርጉና ዝም ይላሉ።

ሰኞ ዕለት ልጄን ቁጭ በይ ብዬ ይህንኑ ሁሉ አጫወትኳት። ከዚያ "ሌላስ?" አልኳት እንደገና።

ቦርሳዋን እንዳቀፈች አለቀሰች። ከዚያ ሐኪሟ ስለ ልቤ ያለቻትን ነገረችኝ፣ አንድም ሳታስቀር። ፈራሁ፤ አልዋሽም። ግን ለመፍራትም፣ መኪናቸውን ለመዝጋትም፣ ልጆቻቸውን ጠርተው ለመሰናበትም አው ኡመር ስድስት ቀን ነበራቸው። እኔ ነኝ የቀማኋቸው።