በማን ክንድ?

ባለፈው ቅዳሜ ዳንግላ ገበያ አንድ ገመድ ሻጭ በክንዱ እየለካ ሲሸጥ፣ ገዢዋ «ያንተማ ክንድ የዶሮ ክንፍ ነው! በባሌ ክንድ ለካልኝ» አለችው። ባሏ ቁመተ ሎጋ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን የራሴን ክንድ አየሁ።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት ብውልም፣ አንዲት በርበሬ ነጋዴ ለመጠቅለያ ልትቀደው ስትል ለምኜ ያስቀረሁት የአሥረኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ነበረኝ። ገጹ በተገለጠ ቁጥር ያስነጥሳል። ታንጀንትን እያስነጠስኩ ነው የተማርኩት ማለት ነው።

አባዬ የጓሯችንን ትልቅ ባሕር ዛፍ ሊያስቆርጥ አሰበ። ዛፉ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትየ ይታይሽ ግቢ ያዘነበለ ስለሆነ ሲወድቅም ወደዚያው ነው። እዚያ ደግሞ ባላቸው ሲሞቱ የተዉላቸው፣ ገበያ የሚያደርሳቸው ዳማ ፈረሳቸው ካስማው ላይ ታስሮ ይውላል።

«ቁመቱን እኔ አውቅልሃለሁ» አልኩት አባዬን።

የማዕዘን መለኪያ ፕሮትራክተር ላይ ክርና ጠጠር አንጠልጥዬ፣ የዛፉ ጫፍ በአርባ አምስት ዲግሪ እስኪታየኝ ወደ ኋላ ሄድኩ። እዚያ ቦታ ላይ ከዛፉ ያለኝ ርቀትና የዛፉ ቁመት እኩል ነው፤ የዓይኔን ከፍታ መጨመር ብቻ ነው የሚቀረው። ርቀቱን አባዬ በክንዱ ለካው። ከዓይኔ ከፍታ ጋር አርባ ሰባት ክንድ መጣ። በማግስቱ እሱ እርሻ ስለዋለ፣ ከዛፉ ሥር እስከ ፈረሱ ካስማ ያለውን ለብቻዬ ለካሁ። ሃምሳ ሁለት። አምስት ክንድ ይተርፋል!

በቆረጣው ቀን እትየ ይታይሽ ለቆራጮቹ ትኩስ ቅቅል ድንች ከአዋዜ ጋር አቀረቡ። ከዚያ ወደ ፈረሱ እያዩ «ልጄ፣ ዳማን ላንሳው እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ እትየ፣ አይደርስም። ድርቆሹን ይብላበት።»

አንዱ ቆራጭ ድንቹን እየላጠ «አንቺስ ለክተሻል፤ ዛፉ ሰምቷል ወይ?» ብሎ አሳቀብኝ።

እትየ ግን «ተዋት፣ እሷ የተማረች ናት» ብለው የያዙትን የፈረሱን ገመድ ለቀቁት። ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ የተማረች ያለኝ ሰው አልነበረም። ደስታው አናቴ ላይ ወጣ።

ዛፉ እየተንቋቋ ወረደ። አቧራው ሲሰክን ጫፉ ካስማውን አልፎ ነበር። ዳማ የኋላ እግሩ ተሰብሮ ለመነሳት ይታገላል። እግሩ የተሰበረ ፈረስ ደግሞ አይድንም። እትየ አንገቱን አቅፈው ቁጭ አሉ።

ከሰዓት በኋላ አባዬ መሬቱን እንደገና ለካ። አርባ አራት ክንድ። ከዚያ ክንዱን ከክንዴ ጎን አስተካከለ። የእኔ አራት ጣት ያህል ያንሳል።

«ዛፉን በእኔ፣ መሬቱን በራስሽ?» አለኝ።

ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ እትየ ጉልበታቸው ላይ ከመውደቄ በፊት ያዙኝ። «ይቅር ብያለሁ ልጄ። ግን አንቺ ባትማሪ ኖሮ አነሳው ነበር።»

ከባዱን ሒሳብ አልሳትኩም። የሳትኩት ክንድ ሁሉ እኩል አለመሆኑን፣ ማንም መሀይም የሚያውቀውን ነው። እትየ ይታይሽ አርጅተዋል፤ ዛሬም ገበያ በእግራቸው ነው የሚወርዱት። ሸክማቸውን እቀበላቸዋለሁ፤ መንገዱን ግን ላሳጥርላቸው አልቻልኩም።

ያን ቅዳሜ ገመድ ሻጩ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ እህቴ፣ በማን ክንድ ልለካልሽ?» አለኝ። የላም ማሰሪያ ፈልጌ ነበር የሄድኩት። ሳልገዛ ተመለስኩ።