«ገጽ» የማትለው ተርጓሚ

አማርኛዬን የሚነካብኝ ሰው አልወድም። የሚያስቅ ነገር ነው፤ አፌን የፈታሁት በሀዲይኛ ነው፣ አማርኛን የተማርኩት ሆሳዕና ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት ዶርም ውስጥ አንድ ቃል ባጠበቅኩ ቁጥር የሚስቁ ልጆች ነበሩ። እነሱ ስቀው ረሱት፤ እኔ ቂም ይዤ መዝገበ ቃላት ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ የሰው ስህተት ሳገኝ ደስ የሚለኝ ሰው ሆንኩ፤ ይህን ባልናገር ደስ ባለኝ፣ ግን እውነት ነው።

ወደ ሆሳዕና የተመለስኩት የኮምፒውተር መምህር ሆኜ ነው። ጊዜው በየክፍሉ ፕላዝማ የተሰቀለበት፣ መብራት ሲሄድ የፊዚክሱ መምህር ከግድግዳው ላይ አብሮ የሚጠፋበት ዘመን ነበር። መናኸሪያው አጠገብ አንድ የጉራጌ ቤተሰብ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቁን በኮምፔርሳቶ ከፍሎ አራት ኮምፒውተር ያስቀመጠበት ኢንተርኔት ቤት ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያ እቀመጣለሁ። ውጭ ረዳቶቹ «አዲሳባ! አዲሳባ!» ይላሉ፣ ውስጥ ባለቤቱ «ላይን የለም» ይላል፣ እኔ ላይኑ እስኪመጣ እጠብቃለሁ።

የምጠብቀው ለአንድ ድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ነበር። ባለቤት የለውም። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በነጻ ይሠሩታል፣ በነጻ ይሰጡታል፤ ለሚጠይቀኝ ሰው «የኮምፒውተር ደቦ ነው» ብዬ አስረዳ ነበር። ፕሮግራሙን ወደ አማርኛ የምንመልሰው አምስት ስድስት ሰዎች ነበርን። ተያይተን አናውቅም፤ የምንተዋወቀው በቅጽል ስም ነው። እኔ ቀድሜ ስለገባሁ አራሚ ተደረግሁ፤ የሌሎቹ ቃል የሚጸድቀው እኔ ሳየው ነበር። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ የበለጠ ሹመት የለም።

ማኅበረሰቡ አንድ ደግ ልማድ ነበረው። አባል ሁሉ ኮዱን ትቶ የራሱን ሕይወት የሚጽፍበት ክፍል ነበር። ላይኑ ደህና በሆነ ቀን እሱን አነብ ነበር። አንድ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ፌርማታ ላይ በሚቆምባት ጥቂት ደቂቃ ኮድ በወረቀት እንደሚጽፍ አጫውቶናል። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ከሐዘን ያወጣኝ ሰዎች «ይቺን አስተካክዪልን» እያሉ ሲልኩልኝ ነው ብላ ጽፋለች። እኔም ጽፌ ነበር፤ «አማርኛን ለቴክኖሎጂ ስለማብቃት» የሚል ረጅም ነገር። ስለ ሕይወቴ አንድም መስመር አልነበረበትም፤ ማንም አስተያየት አልሰጠኝም።

ከተርጓሚዎቹ አንዱ ያናድደኝ ጀመር። ታታሪ ነው፣ ሌላው ሰው የሚሸሸውን ረጃጅሙን ማብራሪያ ሁሉ ይሠራል። ነገር ግን «ገጽ» አይልም። «ሉህ» ይላል። ወደ ፕሮግራሙ የሚያስገባው ቁልፍ ላይ «ግባ» በማለት ፈንታ «ይዝለቁ» ብሎ ጻፈ። ሰርግ ቤት መሰለው እንዴ? አልኩ፤ አረምኩት። በሳምንቱ መልሶ «ይዝለቁ» አደረገው። እንደገና አረምኩ፣ እንደገና መለሰው። በሦስተኛው ሰረዝኩትና፣ ሁሉም በሚያነበው የአስተያየት ቦታ ላይ «አማርኛ የማይችል ሰው አማርኛ ባይተረጉም ምናለ?» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌ ስጨርስ ዶርም ውስጥ የሳቁብኝን ልጆች ያሸነፍኩ ያህል ተሰማኝ።

ተርጓሚው ጠፋ። አንድ ወር ሞላው። ያለ እሱ ሥራው ቆመ፤ ያን ሁሉ ማብራሪያ ለካ ብቻውን ነበር የተሸከመው። በሕይወት ታሪኩ ክፍል ውስጥ በዚያው ቅጽል ስም አንድ አጭር ጽሑፍ ያገኘሁት ያኔ ነው። እንዲህ ይላል፦

«የምኖረው አንጋጫ ነው። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራለሁ። ኮምፒውተር የተማርኩት ቅዳሜ ቅዳሜ ሆሳዕና እየተመላለስኩ ነው። ልጄ ያኔ ስምንት ወሯ ነበር። እኔ ስማር የባለቤቴ አባት አዝለዋት፣ ሰው ከሚሸጥ ከሚለውጥበት ቦታ ይዘዋት ይዞሩ ነበር። ሽማግሌ ሕፃን አዘለ ተብሎ ተሳቀባቸው፤ እሳቸው ‹ለሕፃን የማንም ጀርባ ጀርባ ነው› አሉ። ይህን ሥራ የወደድኩት ማንም ፊቴን አይቶ ስለማይመዝነኝ ነበር። አሁን አማርኛ አትችይም ተብያለሁና ትቼዋለሁ። የሠራሁት ለማንም ቢጠቅም ደስ ይለኛል።»

ሴት! ያውም አንጋጫ፣ አፍንጫዬ ሥር። ፊቴ ጋለ። ያም ሆኖ አመሌ አለቀቀኝም፤ «ሰው ከሚሸጥ ከሚለውጥበት ቦታ» የሚለው ላይ ስደርስ በልቤ «ገበያ አይባልም?» እያልኩ ነበር።

ጽሑፉን አሳትሜ ቤት ወሰድኩት። እናቴ ማንበብ አትችልም፣ የሰው ታሪክ ሲነበብላት ግን ትወዳለች። ባቄላ እየፈለፈለች አነበብኩላት። እዚያው ቦታ ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

«ቆይ። ገበያ ለምን አትልም?»

«አማርኛ አትችልማ፤ ችግሩ እሱ ነው።»

«አይ አንተ!» አለች እየሳቀች። «ምራት ናት እኮ። የባሏ አባት መጠሪያ እንደ ገበያ የሚጀምር ይሆናል።»

ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ባህሉን አውቀዋለሁ። የአንጋጫ ሰዎች፣ ከምባታዎቹ፣ ባሊሻ ይሉታል፤ እኛም ጋ አለ። ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውንም ቃል ትታ ሌላ ቃል ትፈልጋለች። የማውቀው ግን በቤታችን ቋንቋ፣ በገጠር አሮጊቶች አፍ ነው። አማርኛውንም ይገዛል፣ ኮምፒውተር ውስጥም ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም። ወረቀቱን እንደገና አየሁት፤ ከላይ እስከ ታች በ«ገ» ቤት የሚጀምር አንድም ቃል የለም። «ግን» እንኳን የለም። ያለ «ግን» እና ያለ «ጊዜ» አማርኛ መጻፍ የሚችል ሰው፣ አማርኛ አትችልም ተብሎ ነበር።

«አንቺስ?» አልኳት እናቴን።

«እኔ ምን?»

«የአባባ አባት ስም...» ብዬ ጀመርኩና መልሱን ራሴው አገኘሁት። የአያቴ ስም በ«ሳ» ይጀምራል። ልጅ ሆኜ ሱቅ ስትልከኝ «ማጠቢያ ገዝተህ ና» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ባለሱቁ «እናትህ ሳሙና ማለት አትችልም?» ብሎ ሳቀብኝ። አፍሬ እየሮጥኩ ተመለስኩና «እማዬ፣ ሳሙና በይ!» አልኳት። ፈገግ ብላ «አንተ በል» አለችኝ። ለሃያ ዓመት አማርኛ የማታውቅ መስሎኝ ስታሳዝነኝ ኖራለች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እኔን ነው።

ቅዳሜ ከመናኸሪያ ተሳፍሬ አንጋጫ ወረድኩ። ጤና ጣቢያው በር ላይ «ካርድ ክፍል የምትሠራው፣ አማቷ ሕፃን ያዘሉላት» ስል ዘበኛው ሳያስጨርሰኝ ቤቱን በእጁ አሳየኝ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሰላም ብያቸው የመጣሁበትን ሳልናገር እሷ ከጓሮ ብቅ አለች። ሠላሳ የማይሞላት፣ ቀጭን ሴት ናት።

«እኔ አራሚው ነኝ» አልኳት።

ቆመች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ብታባርረኝ መብቷ ነበር፤ እንዲያውም ብታባርረኝ ይቀለኝ ነበር። ሽማግሌውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ከበሩ ዞር ብላ መንገድ ሰጠችኝ።

«ይዝለቁ» አለች።

ቃሉን ሦስት ጊዜ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። አንገቴን ደፍቼ ገባሁ።

ወተት ቀረበልኝ። ሽማግሌው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አማርኛ አትችልም ያልካት አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እኔስ እችላለሁ?»

«በደንብ ነው እንጂ!»

«እሷ ናት ያስተማረችኝ» አሉና ስማቸውን ነገሩኝ። እናቴ እንዳለችው ነው፤ እንደ ገበያ ይጀምራል። ስሙ ሲጠራ እሷ መሬት መሬቱን አየች። ሽማግሌው ቀጠሉ፦ «እኔኮ ነግሬያት ነበር። እዚያ ማሽን ውስጥ ማን ይሰማሻል፣ በይውና ይለፍ ብያት ነበር።»

«ኮምፒውተር የጻፉበትን አይረሳም፣ አባባ» አለች እሷ። ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋ አልጠነከረም፣ ቃሏ ግን ጠንካራ ነበር። «ልጄን በሰው ፊት ያዘሉልኝን ሰው ስም ለአንድ ፕሮግራም ብዬ አልጠራም።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ብነግርዎት ኋላ ቀር ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አማርኛ አትችይም መባሉ ይሻለኝ ነበር።»

ይቺ ወጋችኝ። እውነቷን ነው፤ እል ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳትና እንድትመለስ ለመንኳት። ስለ እናቴና ስለ ሳሙናው ነገርኳቸው፤ ሽማግሌው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «እናትዎ አሉ?» ብቻ አለች። አሉ አልኳት።

አስባ አስባ ሁለት ነገር አለችኝ። «ይቅርታውን ስድቡን የጻፉበት ቦታ ላይ ይጻፉልኝ። ያንን ሁሉም አይቶታል፤ ይህን አባባ ብቻ ቢሰሙት አይበቃም። ሌላው፣ የማልለው ቃል የሚመጣበትን ባዶ እተውልዎታለሁ። እርስዎ ይሙሉት፤ እርስዎ ምራት አይደሉም።»

ሰኞ ዕለት ይቅርታውን ጻፍኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ስድቡ እዚያው ከላዩ አለ፤ አላጠፋሁትም። «ይዝለቁ»ን በገዛ እጄ ወደ ቦታው መለስኩት። ከሦስት ቀን በኋላ እሷ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችን እንዲህ ነበር። እሷ ከአንጋጫ ትልካለች፤ እኔ መናኸሪያው አጠገብ ቁጭ ብዬ እከፍታለሁ። የተጣራ ሥራ ነው፤ መሐል መሐሉ ላይ ባዶ ቦታ አለ። ባዶው ላይ «ገጽ» እጽፋለሁ፣ «ግን» እጽፋለሁ፣ «ጊዜ» እጽፋለሁ። ስሞላው ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ስህተት ሲሠራ ሳይሆን ቦታ ሲተውልኝ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ ያልገባኝ ባዶ አገኘሁ። የሚጽፉበት አራት ማዕዘን ቦታ ስም ነው፤ ሁላችንም «ሳጥን» የምንለው። ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሜ አየሁት። በ«ገ» የሚጀምር ነገር የለውም። ረስታው መሰለኝና ልሞላው ስል፣ ከሥሩ ማስታወሻ እንዳለ አየሁ።

«ይህን ደግሞ ለእናትዎ ብዬ ተውኩት» ይላል።

ባለቤቱ «ላይን ሄደ እንዴ?» አለኝ፤ እንደዚያ ተቀምጬ ሲያየኝ። አልሄደም አልኩት። ተነስቼ ቤት ሄድኩ። እናቴን ያንን ከአልጋዋ ሥር ያለውን፣ ልብስ የምትከትበትን ነገር ምን እንደምትለው ጠየቅኳት።

«ማኖሪያ ነዋ» አለች። «ምን ጠፋብህ?»

ተመልሼ ባዶው ላይ «ማኖሪያ» ብዬ ጻፍኩና አጸደቅኩት። የአማርኛው ፕሮግራም በዚያው ወጣ። ወዲያው አዲስ አበባ ያለ አንድ ልጅ በአስተያየቱ ቦታ ላይ «ይህን ማን ነው የተረጎመው? ሳጥን ማለት አይችልም?» ብሎ ጻፈ። ረጅም መልስ ጀመርኩና ሰረዝኩት።

«አንተ በል» ብዬ ላክሁለት።