ቦራው በሬና የምጥዋው ወረቀት

ኢንሹራንስ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሰውየው የሚያሾፍብኝ ነበር የመሰለኝ። ምጥዋ ላይ ነው። ከአንድ ጣሊያን ባለሙያ ሥር ስድስት ዓመት ሽቦ ስጎትት ከርሜ፣ ፒንሳዬንና ካቻቢቴዬን ይዤ የራሴን ሥራ የጀመርኩ ሰሞን። ባለሱቆቹ "ኢንሹራንስ ከሌለህ ግድግዳችንን አትነካም" አሉኝ። ሄድኩ። ወኪሉ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ፣ "በዘረጋኸው ሽቦ ሱቅ ቢቃጠል የምንከፍለው እኛ ነን። መሰላልህ ሰው ላይ ቢወድቅም እኛው ነን" አለኝ።

"እናንተ? የት ታውቁኝና?" አልኩት። ሳቀብኝ። የዓመቱን ከፍዬ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ተቀበልኩ።

አቤት የዚያን ቀን ደስታዬ! እኔ የፎገራ ገበሬ ልጅ፣ አባት እናቴን የማያውቅ ሰው "አለሁለት" ይበልልኝ! የምጥዋ ወበቅ በላብ እንዳያበላሽብኝ ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልዬ በደረት ኪሴ ይዤው እዞር ጀመር። ሽቦ ከመዘርጋቴ በፊት አውጥቼ አሳያለሁ። ሽቦ ዘርግቼም አሳያለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ማንበቡን ግን አላነበብኩትም።

ጥቂት ወራት እንደቆየሁ ከወረታ መልእክት መጣልኝ። ወረታ ገበያ አጠገብ ቆርቆሮ ቤት ያለው ነጋዴ የመብራት ሞተር ገዝቶ ኖሮ፣ "ያገሬ ልጅ ኮረንቲ ያውቃል አሉ፤ መጥቶ ይዘርጋልኝ" ብሎ በጭነት መኪና ሾፌር ላከብኝ። ወረታ ላይ መብራት! ያውም በእኔ እጅ! ሾፌሩን አቅፌ ሳምኩት። በሦስተኛው ቀን ሽቦዬን፣ አምፖሌን፣ ናስትሮዬን ጭኜ ከመኪናው ላይ ወጣሁ።

ጥር ነበር፤ ሜዳው ደርቆ ሣሩ ክብሪት የሚጠብቅበት ጊዜ። በነጋዴው በረንዳ ላይ ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶች፣ አባቴም ጭምር ተሰብስበው ጠበቁኝ። የነጋዴው ቤት ቆርቆሮ ይሁን እንጂ ዙሪያውን ያለው ሁሉ የሣር ቤት ነው። ነጋዴውም ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ፣ "ሙያህንስ ሰምተናል። እሳት ቢነሳ ግን ዋስህ ማነው?" አለኝ።

ባገራችን ደንቡ እንዲህ ነው። የሰው ንብረት የሚጎዳ ሥራ የሚጀምር ሰው ዋስ ይጠራል። ዋሱ በሰው ፊት ቆሞ የሚያሲዘውን ከብት ይናገራል። ሥራው በሰላም ሲያልቅ ዋስ የጠራው ሰው ያንኑ ሸንጎ ይሰበስብና ዋሱን ያስወርዳል። እኔ ግን የምጥዋ ሰው ሆኛለሁ! ደረቴን ነፍቼ ወረቀቴን ከኪሴ መዘዝኩ።

"ዋሴ ይኸው!"

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። "የማን ልጅ ነው?" አለ አንዱ። "ስንት በሬ አለው?" አለ ሌላው። ሰው ሳይሆን ድርጅት መሆኑን፣ ገንዘብ ተከፍሎት ዋስ እንደሚሆን አስረዳሁ። ይሄኔ አባቴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

"ዋስ በገንዘብ ገዛህ? ዘመድ የለህም አንተ? እኔ ሞቻለሁ?"

"አባባ፣ እዚያ አገር እንዲህ ነው ልማዱ…"

"ዝም በል! እሳት አመድ ወለደ ማለት ይኸው ነው!"

ፊቴ ነደደ። ነገሩን ላበርድ ብዬ ወረቀቱን ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ፤ በአማርኛም ተጽፎበት ነበር። የእሳቱ አለ፣ የመሰላሉ አለ፣ ሰዎቹም ራሳቸውን ይነቀንቁልኝ ጀመር። ከዚያ አንድ መስመር ላይ ስደርስ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመርኩ።

"ቀጥል እንጂ ልጄ፣ ምን ሆንክ?" አሉ የሰፈሩ ቄስ፤ ከትከሻዬ በላይ አጮልቀው እያዩ ኖሯል። ከእጄ ወስደውም አነበቡት። "ይህ ዋስትና በምጥዋ ከተማ ክልል ውስጥ ለሚሠራ ሥራ ብቻ ያገለግላል።"

ወይ ጉድ! በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። "ዋስህ ተከዜን መሻገር ፈርቶ ቀረ!" ብሎ አንዱ ተንከተከተ። ነጋዴው ግን አልሳቀም። "ያለ ዋስ ሞተሬ አይነሳም፤ ሌላ ሰው ፈልጌ አሠራለሁ" አለ። ያን ሁሉ አገር አቋርጬ፣ በገዛ አገሬ ሰው ፊት፣ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባቴ እስካሁን እንደቆሙ ነበር። ጋቢያቸውን አጣፉ።

"ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ" አሉ። "ዋሱ እኔ ነኝ። ከዚህ ሽቦ በተነሳ እሳት የማንም ቤት ቢቃጠል ቦራው በሬዬ ይያዝ።"

ሳቁ ቀጥ አለ። ቦራውን የማያውቅ የለም። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያየው የፎገራ በሬ ነው። አባቴ እኔን ከመቱኝ ይልቅ እሱን የዳበሱት ይበዛል። ነጋዴው "ይበቃኛል" ብሎ እጃቸውን መታ።

እንግዲህ ሥራ ማለት ያ ነበር! ምጥዋ ላይ አንድ ጊዜ የምጠቀልለውን መጋጠሚያ ሦስት ጊዜ በናስትሮ ጠቀለልኩት። ሽቦ በቆረጥኩ ቁጥር ቦራው ፊቴ ድቅን ይላል። አባቴም ጠዋት ጠዋት እየመጡ በዘንጋቸው ወደ ጣሪያው እየጠቆሙ፣ "ይህችስ አትፈነዳም?" ይሉኛል። "አትፈነዳም አባባ!" "በል እንግዲህ" ብለው ይሄዳሉ።

በአራተኛው ቀን፣ ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ፣ የሞተሩን ገመድ ሳብኩ። አልነሳም። ደግሜ ሳብኩ። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ… ከዚያ አምስቱም አምፖሎች ቦግ! እልልታው ወረታን አናወጣት። ቄሱ አማተቡ። ልጅ አዋቂው ማብሪያ ማጥፊያውን ልንካ እያለ ተጋፋ። እኔ እንደ እብድ እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁ። አባቴ እጃቸውን በግንባራቸው ላይ ጥለው ሽቅብ እያዩ፣ "እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!" አሉ። እንዲህ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጎንደር የሚያልፍ መኪና ጡሩምባውን ሲነፋ ሮጬ ተሳፈርኩ። በደስታ ሰክሬ ስለነበር ወጉ እንኳ ትዝ አላለኝም፤ አባቴን በመስኮት እጄን አውለብልቤ ተሰናበትኳቸው።

የተመለስኩት ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ ሰኔ ላይ ነው። የነጋዴው መብራት ደህና ነበር፤ ከሩቅ አይቼው ፈነደቅኩ። አባቴን ግን ማሳ ላይ ሳገኛቸው ቦራውን ከጎረቤት ከሲታ በሬ ጋር ጠምደው ነው። የቦራው ጓደኛ ባለፈው ክረምት በበሽታ ሞቶባቸው ኖሯል። ባለ ጥማዱ አባቴ መቀናጆ ገብተዋል፤ አንድ ቀን ለጎረቤት፣ አንድ ቀን ለራሳቸው። የሰው ማሳ ሁሉ ታርሶ የእሳቸው ግማሹ አልተነካም።

ተናደድኩ። "ቦራውን ቢሸጡት እኮ ሁለት ወይፈን ይገዛልዎት ነበር! ምን ነካዎት?" ብዬ ጮህኩባቸው።

ሞፈሩን ይዘው ቆሙ። "የተያዘ በሬ ልሽጥ?"

"ማን ያዘው?"

"ዋስ ነኝ እኮ። መብራቱ ይኸው ይበራል። ማን አወረደኝ?"

እኔ ነበርኩ ማስወረድ የነበረብኝ። "ታዲያ ለነጋዴው 'አውርደኝ' አይሉትም ነበር?" አልኩ።

"ዋስ 'ልውረድ' ያለ ቀን ልጁን አላመነም ማለት አይደል?" አሉ፤ በሬዎቹንም "ና!" ብለው ነዱ።

እየሮጥኩ ወረታ ገባሁ። ነጋዴው ሲያየኝ "እንዴት ያለ መብራት ነው!" እያለ አቀፈኝ። የበሬውን ነገር ሳነሳበት ዓይኑን አፈጠጠ፤ "የቱ በሬ?" አለኝ። ረስቶታል! በዚያው ቀን ቄሱን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ጎረቤቶቹን ሁሉ እየለመንኩ ያንኑ በረንዳ ሞላሁት። አባቴም ቦራውን እየነዱ መጡ። ነጋዴው በሰው ፊት ተነሥቶ "ዋሱ ወርደዋል፣ በሬው ነፃ ነው" አለ። አባቴ እግር ላይ ወደቅኩ። አነሡኝና ትከሻዬን አራገፉልኝ።

ከዚያ ቦራውን ወደ ከብት ገበያው መንገድ መለሱት። ጥቂት እንደሄዱ ግን ቆሙና ዞረው ጠሩኝ።

"ስማ፣ ሳልሸጠው ልጠይቅህ፤ ሌላ የምታበራው ቤት አለህ?"