ጫፉ ድረስ በእግሬ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ጮቄ ተራራ አስተምሬአለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣ ተራራውን በነጭ ጠመኔ ሥዬ፣ ወንዞቹን በሰማያዊ ጠመኔ ቁልቁል እየጎተትኩ፣ «ልጆች፣ የውሃ ማማችን ይህ ነው» ስል ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ወጥቼበት ግን አላውቅም። «ጋሼ፣ እርስዎ አይተውታል?» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪም የለም። ቢኖር ኖሮ ጥፋት ፈልጌ አንበረክከው ነበር።

እንድወጣው የተፈረደብኝ በሰባ አራት ዓመቴ ነው። ፈራጇ ልጄ ናት። መንገዱ ገና ሰላም ሳለ፣ አንድ የጥቅምት ዓርብ፣ ከባሏና ከዘጠኝ ዓመት ልጇ ጋር ከአዲስ አበባ መጣችና «አባባ፣ ተነሡ፤ እስከ እሁድ ተራራ ላይ ሎጅ ይዘናል፤ ይዝናናሉ» አለችኝ።

ሰው ሊያዝናናኝ ሲመጣ እጠረጥራለሁ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ልጄ በየስልኩ የምታነሣው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ቤቴን ቆልፌ አዲስ አበባ፣ እነሱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንድገባ። እኔ ደግሞ ቤቴን አልለቅም። ቤቱ ምን አለው ብትሉኝ፣ የሚያፈስ ጣራ፣ አንድ የኮክ ዛፍ፣ «አባባ ቀስ ይበሉ» የሚል ሰው የሌለበት በረንዳ አለው።

ገና የማርቆስን ዳር ሳንለቅ መኪናው ውስጥ ጀመረችኝ። ጣራው ያፈሳል፣ ብርድ ነው፣ ብቻዎን ነዎት፣ ጉልበትዎ ደክሟል። ጉልበት ስትል አልቻልኩም።

«የየትኛው ሰውዬ ጉልበት?» አልኩ። «ነገ የተራራውን ጫፍ በእግሬ ካልወጣሁ፣ ሰኞ ቤቱን ቆልፌ እከተልሻለሁ። ከወጣሁ ግን ይህን ወሬ ሁለተኛ እንዳልሰማ!»

አማቼ መሪውን እንደያዘ በመስታወቱ አየኝ። «ምስክር ነኝ» አለ።

አፌ ዕድሜ ልኩን ከእግሬ ቀድሞ ነው የሚደርስ።

ሎጁ ከሮብ ገበያ ከተማ በላይ፣ የገብሱ እርሻ አልቆ ጓሳ ሣሩ የሚጀምርበት ላይ ነው። በሩ ላይ የመዝናኛ ዝርዝር ተለጥፏል፤ የእግር ጉዞ፣ ፈረስ ግልቢያ፣ ከምንጭ ውሃ መቅዳት፣ እሳት ዳር መቀመጥ። እኔ በልጅነቴ ይህን ሁሉ በነፃ አድርጌዋለሁ፤ ያን ጊዜ ስሙ ድህነት ነበር። ይህንኑ ለአማቼ ብነግረው «አባባ፣ አሁን ደግሞ ተከፍሎበታልና ይደሰቱ» አለኝ። ሰውዬው አፉ ከእኔ አያንስም፤ የምጠላውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ቅዳሜ ጠዋት ገንፎ ቀረበ። የገብስ ገንፎ፣ መሐሉ ተጎድጉዶ በበርበሬና በቅቤ የተሞላ። እኔ ለገንፎ ሃይማኖቴን ባልለውጥም ለድርድር እቀመጣለሁ። አስተናጋጇ ፊቴ ስታስቀምጠው ግን አማቼ «ይብሉ፤ ለአቀበቱ ይሆንዎታል» ብሎ ፈገግ አለ። ፈገግታው አንገበገበኝ።

«እኔ ጠዋት አልበላም» አልኩ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ልጅ አይነገረውም። ሽማግሌ መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ይለመናል። ደግሞ እምቢ ይላል፤ በሞቴ ይባላል። በሦስተኛው፣ ለሰው ብሎ እንጂ ለሆዱ ብሎ እንዳልሆነ ሁሉም ከተስማማ በኋላ፣ ይበላል። እኔ ጥርስ ሳወጣ ጀምሬ እስከ ማርገፌ እንዲሁ ነው የበላሁት።

«እሺ አባባ» አለ አማቼ፤ ሳህኑንም ወደ ራሱ ሳበው።

የአዲስ አበባ ልጅ ቢሆን ባለማወቁ እምረው ነበር። የሉማሜ ልጅ ነው! ሉማሜ ላይ እንግዳ አንድ ጊዜ እምቢ ስላለ ማዕድ የሚያነሣ ሰው አልተወለደም። ጦር ነው ያወጀብኝ፤ ያውም በገዛ ገንፎዬ። ልጄን አየኋት፤ ስልኳን ታያለች። የልጅ ልጄ ብቻ «እማዬ፣ አያቴ ገንፎውን እያዩት ነው» አለች።

«ሲበላ ማየት እወዳለሁ» አልኩ፤ ባዶ ሆዴን ይዤ ተነሣሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ጉዞ ጀመርን። የልጅ ልጄ ፈረስ ላይ ናት፤ ባለ ፈረሱ፣ እዚያው አካባቢ ገብስና ድንች የሚያርስ ጎልማሳ፣ ልጓሙን ይዞ ይመራል። አማቼ በሁለት እጁ የብረት ምርኩዝ ይዞ እንደ አንበጣ እየተወነጨፈ ይወጣል። እኔ ከወይራ ዱላዬ ጋር ከኋላ ነኝ። የመጀመሪያውን አቀበት በቁጣ ወጣሁት፤ ቁጣ ጥሩ ስንቅ ነው፤ ችግሩ ቶሎ ያልቃል። በሁለተኛው አቀበት ላይ ዓይኔ ይጭበረበር ጀመር። በጉሙ መሐል የቆሙት ጅብራዎች፣ አናታቸው ላይ ቅጠል የደፉ እነዚያ ረጃጅም የብርድ አገር ተክሎች፣ እኔን ሊቀብሩ የተሰበሰቡ የእድር አባላት መሰሉኝ።

ለእረፍት ስንቆም ባለ ፈረሱ ከጉያው የተጠበሰ ድንች አውጥቶ «እንኩ አባቴ፣ ይቅመሱ» አለኝ።

«የለም፣ አንተ ብላ» አልኩ፤ ዓይኔን ግን ከድንቹ ላይ ሳልነቅል።

«በሞቴ!»

«ኧረ ጠግቤአለሁ።»

«አፈር ስሆን! አፈር ስሆን አባቴ!»

እንዲህ ነው እንጂ! ሁለት ድንች ከነልጣጩ ዋጥኩ፤ ያውም አማቼ ፊት ለፊት ቆሜ።

«ጠዋት አይበሉም አልነበር?» አለ።

«አሁን ረፋድ ነው።»

ድንቹ የአንድ ሰዓት መንገድ ወሰደኝ። ከዚያ በኋላ ቀኝ ጉልበቴ፣ ያ የሚታወቀው፣ «እኔ እዚህ ቀርቻለሁ» አለ። አንድ ጉብታ ላይ ስደርስ ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩና ዱላዬን መሬት ላይ ተከልኩ።

«ጫፉ ይህ ነው» አልኩ።

«አይደለም» አለች ልጄ።

«ጂኦግራፊ ያስተማርሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ባለ ፈረሱ ተጠየቀ። ምስኪኑ፣ እኔንም እነሱንም አየ። «እንግዲህ አባቴ፣ ለበሬዎቼ ጫፉ ይህ ነው። ለሰው ግን ያ ነው» ብሎ ወደ ጉሙ ጠቆመ። ጉሙ ገለጥ ሲል፣ እኔ የወጣሁትን ያህል የሚሆን ሌላ ተራራ ከላዬ ተቀምጦ አየሁ። ሰሌዳ ላይ እኮ አንድ ጫፍ ብቻ ነበር የምሥለው።

«ፈረሱ ላይ ይውጡ፤ ተረትተዋል» አለ አማቼ።

«ልታዝናኑኝ ሳይሆን ልትፈትኑኝ ነው ያመጣችሁኝ!»

«ፈተናውን ያወጣኸው አንተ!» ብላ ጮኸች ልጄ። በሕይወቷ አንተ ብላኝ አታውቅም። «መታጠቢያ ቤት ወድቀህ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሚንቶ ላይ ተኝተህ ውለህ፣ ከእኔ ደበቅህ! ከጎረቤት አፍ ልስማ? አባቴን ሞቶ ሳገኘው ነው የምትነግረኝ?»

ያን መውደቄን የማታውቅ መስሎኝ ነበር። ነውሬ ሲገለጥብኝ ደግሞ እኔ አውሬ ነኝ።

«አራተኛ ፎቅ ላይ ከምቀበር የራሴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብሞት ይሻለኛል» አልኩ። «ደግሞስ አንቺ ነሽ ለእኔ የምታስቢ? የእናትሽ ሠልስት ሳይወጣ ሥራዬ ብለሽ የሄድሽ!»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ሰካራም የተደገፈውን አጥር ሲጥል እንደሚያውቀው። ያኔ እንድትሄድ ያልኳትም እኔው ነበርኩ።

«ይብቃዎት» አለ አማቼ፤ ድምፁ ሳይጮህ።

ልጄ አላለቀሰችም። ልጇን ከፈረስ አወረደች፤ የእርካቡን ጠፍር ለእኔ እግር አስረዘመች። እኔም ወጣሁ። ቁልቁለቱን ሁሉ ማንም አላናገረኝም፤ የልጅ ልጄም ፈረሷን ስለቀማኋት ኩርፍ ብላ ነው የወረደች። ፈረሱ ራሱ ሁለት ጊዜ ሊነክሰኝ ዞሯል።

እሁድ ጠዋት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ቤቱን አልቆልፍም» አልኩ።

«ምስክር አለ እኮ» አለ አማቼ።

«ምስክሩ የጠላት ወገን ነው።»

«ተዋቸው» አለች ልጄ ለባሏ፣ እኔ እዚያ እንደሌለሁ። «ሁለተኛ አልለምናቸውም። ይቅሩ።»

አሸነፍኩ ማለት ነው። ከጮቄ እስከ ማርቆስ አሸናፊው ከኋላ ወንበር ላይ፣ ቦርሳውን ታቅፎ፣ ሰውን ሁሉ እያንቋሸሸ መጣ።

በሬ ላይ ሲያደርሱኝ ወዲያው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። አማቼ ከመኪናው የኋላ ኮፈን የመሰርሰሪያ ማሽንና ክንድ የሚያህል አንጸባራቂ ብረት አወጣና ቀጥ ብሎ ወደ መታጠቢያ ቤቴ ገባ። ግድግዳው ሲጮህ በረንዳ ላይ ቆሜ ሰማሁት።

«በሰንበት? ያውም የሰው ግድግዳ? ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም» አለ፤ መሰርሰሩንም አላቆመም።

ልጄ የኮክ ዛፉ ሥር ቆማለች። ስትመጣም ስትሄድም ጉልበቴን ትስማለች፤ ያን ቀን አልሳመችኝም። «ሲታጠቡ ይያዙት» አለችና መኪና ውስጥ ገባች።

ከሄዱ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። እሁድ ማርቆስ ላይ እንዲህ ያለ ብረት የሚሸጥ ሱቅ አይከፈትም፤ ሎጅ ደግሞ መሰርሰሪያ አያበድርም። ዕቃው ዓርብ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ኮፈኑ ውስጥ ነበር። ልጄ እኔ እንደማልሄድ አውቃ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ልትለምነኝ የመጣች። እኔ ደግሞ ሠልስቱን አነሣሁባት።

ከዚያ ወዲህ የሚደውል አማቼ ነው። «አሉ?» ይላል፤ «አለሁ» እላለሁ። «ብረቱን ይይዙታል?» ይላል። በየጠዋቱ እይዘዋለሁ። ግን አንድም ቀን አላመንኩለትም።

«ጠማማ ነው» እለዋለሁ።