ሳይተኮስ የፈሰሰ ባሩድ

በአቃቂ ባቡር ጣቢያ የመንገደኛ ዕቃ መዛኝና ፈታሽ ነበርኩ። ለዘመድ አላዳላም እያልኩ እኮራ ነበር። ሰውም ያውቅልኛል፤ የገዛ አማቴን ከነቅቤያቸው ከባቡር አውርጃለሁ።

አንድ ጠዋት አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ሳይፈቱት አወቅሁት፤ የቅድመ አያታችን የባሩድ ቀንድ ነው። ከእሳቸው ዘመን የባሩድ ቀንድ የተረፈው ቤት ጥቂት ነው፤ ከነባሩዱ የተረፈለት ግን ከእኛ ሌላ አላየሁም።

መሳፍንቱ እርስ በርስ ሲዋጉ ቅድመ አያታችንና ወንድማቸው ለሁለት ባላንጣ ጌቶች አድረው ተሰለፉ። ወንድማቸው በጥይት ሞቱ። የሟች ልጆች አባታችንን የገደለው የገዛ ወንድሙ ነው አሉ። ቅድመ አያታችን ግን ቀንዱን እንደሞላ፣ አፉም በሰም እንደተደፈነ ይዘው ተመለሱ። አንድም አልተኮስኩም ማለታቸው ነበር። ኋላ ሞልተውት ቢሆንስ ብዬ ልጅ ሳለሁ ጠይቄ በጥፊ ተመትቻለሁ። ሁለቱ ወገኖች ከዚያ ወዲህ ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም።

“ሞጆ ያሉት የእነዚያ ወገን ትልቅ ሰው፣ ሙሉውን ቀንድ በእጄ ይዤ ልየውና እንታረቅ ብለው ልከውብኛል” አሉ አክስቴ። ፊታቸው በርቷል።

“ባሩድ ባቡር ላይ አይወጣም” አልኳቸው።

“ይሄ እኮ ከባቡሩ በፊት የነበረ ነው፣ ልጄ።”

“ደንብ ነው። ወይ ይፍሰስ፣ ወይ ይቅር።”

በአውቶቡስ ይሂዱ ማለት እችል ነበር፤ መንገዱ ከጣቢያው ብዙም አይርቅም። አላልኩም። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ያየኛል፤ አለማዳላቴን እንዲያይልኝ ፈለግሁ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

አክስቴ ነጠላውን ፈትተው ቀንዱን አወጡ። “ሽማግሌው በጠና ታመዋል፤ ዛሬ ካልደረስኩ አላገኛቸውም” አሉና ሰጡኝ። “ሙሉ እንደነበር አንተው መስክርልኝ።”

ሰሙን በቢላ ፈልፍዬ ከጣቢያው ጀርባ ቦይ ውስጥ ገለበጥኩት። እንደ ኑግ ጥቁር ነበር። ትንሽ ተንሳፈፈና ሄደ። ከዚያ ቀንዱ ሙሉ እንደነበር በወረቀት ጻፍኩ፤ ፈርሜም የጣቢያውን ማህተም መታሁበት። ማህተም ካለው ማን ይከራከራል ብዬ አክስቴን ሸኘኋቸው።

ከሰዓት በኋላ በመልሱ ባቡር መጡ። ቀንዱን ነጠላቸው ውስጥ መልሰው ጠቅልለውታል።

“ምን አሉ?”

“ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁት። ‘ይሄማ የተኮሰ ሰው ቀንድ ነው’ አሉ።”

“ወረቀቱስ?”

“አስነበቡት። ማን ነው የጻፈው ብለው ጠየቁኝ። የወንድሜ ልጅ ነው አልኳቸው።” ወረቀቱን አጥፈው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት። “‘ዘመድማ ለዘመዱ ያዳላል’ አሉኝ።”